ጋሪ ኪልዳል፦ አንድ ፕሮግራም በሁሉም ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ያደረገው፣ እኛ ግን የረሳነው ሰው

ኮምፒውተር ላይ የከፈታችሁትን አፕ ልትዘጉት ስትሉ ማውሱ ወዴት ይሄዳል? ዊንዶውስ የለመደ ሰው ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ይሄዳል። ማክ የለመደ ደግሞ ወደ ግራ። ማንም ቆሞ አያስብበትም፤ እጅ ለምዶታል።

አንድን አፕ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ የሚሠራ ዴቨሎፐር ራሱን የሚያዞረውም ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ነው፤ መልኩ ግን በገባበት ቤት ሁሉ የቤቱን ልጅ መምሰል አለበት። ማክ ላይ ሜኑው የሚቀመጠው ስክሪኑ አናት ላይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን እዛው አፑ መስኮት ውስጥ ነው። የመስማሚያና የመሰረዣ ቁልፎች ቅደም ተከተል እንኳን ይለያያል። ይሄን ያላስተካከለ አፕ አይሠራም ማለት አይደለም። ይሠራል፤ ግን ተጠቃሚውን የሆነ ነገር ይጎረብጠዋል።

የዚህን ራስ ምታት ግማሽ ከ50 ዓመት በፊት የፈታ አንድ ሰው ነበር። ቀሪውን ግማሽ ሊፈታ የተነሳው ድርጅቱ ደግሞ ጠበቃ መጣበት። ስሙ ጋሪ ኪልዳል ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ካለ ምናልባት ቢል ጌትስ መሆን ሲችል ዕድሉን ያባከነው ሰው ተብሎ ይሆናል። ታሪኩ ግን ከዚህ በጣም ይሰፋል። እስኪ ከመጀመሪያው እንየው።

የመርከበኞች ቤት ልጅ

ኪልዳል የተወለደው ሜይ 19 ቀን 1942 በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ለመርከበኞች ባሕር ላይ አቅጣጫ ማወቅን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረው። እሱም ሀሳቡ መምህር መሆን ነበር፤ የሒሳብ መምህር። በዚሁ ሀሳብ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዛ ከኮምፒውተር ጋር ተዋወቀ፤ በቃ፣ ሒሳቡ ሁለተኛ ሆነ።

ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነው። ወጣቱ ለውትድርና ይጠራል። ኪልዳል ግዴታውን የተወጣው ጠመንጃ ይዞ ሳይሆን ጠመኔ ይዞ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ከተማ ባለው የባሕር ኃይሉ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ተመደበ። በ1972 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። ያጠናው ኮምፓይለር ነው፤ ማለትም እኛ የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይረውን ፕሮግራም። ያን ጊዜ ያወጣው ኮድን የማፍጠኛ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ የኮምፓይለር ትምህርት ውስጥ አለ።

እስካሁን የምናየው ጎበዝ መምህር ነው። ሕይወቱን የቀየረችው ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ አንዲት ዕቃ ነች።

ቺፗ

በ1971 ኢንቴል 4004 የምትባል ቺፕ ገበያ ላይ አወጣ። የተሠራችው ለካልኩሌተር ነው። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ትልቅ ድርጅት ብቻ የሚገዛው ማሽን ነበር። ኪልዳል ግን ቺፗን ሲያያት ካልኩሌተር አልታየውም፤ ትንሽ ኮምፒውተር ነው የታየው። ፕሮግራም ይጽፍላት ጀመር። ከዛም ከማስተማሩ ጎን ለጎን የኢንቴል አማካሪ ሆነ። በ1973 ለኢንቴል ቺፖች ፒኤል ኤም የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ።

ችግሩ፣ ቺፕ ብቻውን ምንም አይደለም። የጻፋችሁትን የት ታስቀምጣላችሁ? በዛን ሰዓት ፍሎፒ ዲስክ አዲስ ነገር ነበር። ኪልዳል አንድ የፍሎፒ ማጫወቻ አገኘ፤ ግን ከትንሿ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ዕቃ አልነበረም። ጆን ቶሮድ የሚባል ጓደኛው ማገናኛውን ሠራለት። ኪልዳል ደግሞ ዲስኩን የሚያስተዳድረውን ሶፍትዌር ጻፈ፤ ፋይል የሚከፍት፣ የሚያስቀምጥ፣ የሚሰይም፣ የሚሰርዝ። በ1974፣ ሞንተሬይ አጠገብ ባለችው ፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ውስጥ፣ ሶፍትዌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ስሙንም ሲፒ ኤም አለው።

ዛሬ ዊንዶውስ፣ አንድሮይድ ወይም አይኦኤስ የምንለው የዚህ ዓይነቱን ሥራ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። ሲፒ ኤም ለትንንሽ ኮምፒውተሮች ተሠርቶ በሰፊው የተሸጠ የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል። ኪልዳል ከባለቤቱ ከዶሮቲ ጋር ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ ያወጡለት ስም ኢንተርጋላክቲክ ዲጂታል ሪሰርች ነበር፤ ኋላ ላይ ኢንተርጋላክቲኩ ቀረና ዲጂታል ሪሰርች ሆነ። ኮዱን እሱ ይጽፋል፣ ንግዱን እሷ ትመራለች።

ትልቁ ሀሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መጣን።

ያኔ ትንንሽ ኮምፒውተር የሚሠሩ ድርጅቶች እንደ አሸን ፈልተዋል። ግን አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ዲስኩ ይለያያል፣ ኪቦርዱ የሚያያዝበት መንገድ ይለያያል። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ሌላው ላይ አይሠራም። ኢምሳይ የሚባል አምራች ሲፒ ኤምን ለራሱ ማሽን ሲፈልገው ኪልዳል ሶፍትዌሩን ለዛ ማሽን እንደገና ማስተካከል ነበረበት። ነገ ሌላ አምራች ይመጣል፤ ከዛ ሌላ። በየጊዜው እንደገና መጻፍ ሊሆን ነው።

ኪልዳል ያደረገው ይሄ ነው፤ ከማሽን ማሽን የሚለያየውን ነገር ሁሉ ሰብስቦ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ከተተው። የቀረው የሲፒ ኤም ክፍል የትኛው ማሽን ላይ እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም። ለትንሿ ክፍል የሰጣት ስም ባዮስ ነው። አዎ፣ ኮምፒውተር ስታስነሱ የምትሰሙት ባዮስ። ቃሉ የመጣው ከእሱ ነው።

በምሳሌ እንየው። ብዙ አገር ገበያ የሚወጣ ነጋዴ አስቡ። የየአገሩን ቋንቋ ቢማር ዕድሜው አይበቃውም። በየገበያው አንድ አስተርጓሚ ካለው ግን የራሱን ቋንቋ ብቻ ይዞ ሁሉም ጋ ይነግዳል። ነጋዴው ፕሮግራሙ ነው፣ አስተርጓሚው ባዮስ።

ውጤቱ ቀላል አልነበረም። አዲስ ኮምፒውተር የሚሠራ ድርጅት ትንሿን ባዮስ ብቻ ይጽፋል፤ በአንዴ ለሲፒ ኤም የተሠሩት ፕሮግራሞች በሙሉ የእሱ ይሆናሉ። ፕሮግራም የሚጽፈው ሰውም አንዴ ጽፎ ለብዙ ማሽን ይሸጣል። ጽሑፍ ማቀናበሪያው ወርድስታርና የመረጃ ቋቱ ዲቤዝ ሁለት ስም ያወጡት በሲፒ ኤም ላይ ነው። በ1981 አካባቢ ሲፒ ኤም ወደ 3,000 በሚጠጉ የኮምፒውተር ሞዴሎች ላይ ይሠራ ነበር፤ የድርጅቱ ገቢም በዓመት 5.4 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር።

ግን አንድ ቀዳዳ ቀረ። ሲፒ ኤም ፋይሉን ያስተዳድራል፣ ፊደሉንም ወደ ስክሪን ይልካል። ፊደሉ ስክሪኑ ላይ የት ቦታ ይቀመጥ ለሚለው ግን የጋራ ሕግ አልነበረውም። እያንዳንዱ ስክሪን የራሱ ኮድ አለው። ስለዚህ ወርድስታርን የገዛ ሰው መጀመሪያ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ የእኔ ስክሪን የዚህ ድርጅት ነው ብሎ መንገር ነበረበት። አለበለዚያ ጽሑፉ ተዘበራርቆ ይወጣል። በአጭሩ፣ በሁሉም ላይ መሥራት ተፈቷል፤ በሁሉም ላይ አምሮ መታየት ግን አልተፈታም።

አይቢኤም የመጣ ቀን

በ1980 ግዙፉ አይቢኤም በምስጢር የግል ኮምፒውተር እየሠራ ነበር። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈልጎ ማይክሮሶፍት ጋ ሄደ። ማይክሮሶፍት ያኔ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልነበረውም፤ ቢል ጌትስም ወደ ኪልዳል ላካቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ተወርቶበታል። ሰዎቹ ፓሲፊክ ግሮቭ ሲደርሱ ኪልዳል የራሱን አውሮፕላን እያበረረ ሄዶ ነበር። ወሬው ለመዝናናት ሄደ ይላል፤ እሱ ግን የሄደው ደንበኛ ጋ፣ ለሥራ ነው። የተቀበለቻቸው ዶሮቲ ናት፤ የንግዱ ኃላፊ ደግሞ እሷው ነበረች። አይቢኤሞች ገና ወሬ ሳይጀመር የምስጢር ውል ፈርሙ አሉ። ውሉ ለአንድ ወገን ያደላ ነበር። ከጠበቃው ጋር ተመካክራ አልፈርምም አለች። ኪልዳል ከሰዓት ተመልሶ አግኝቻቸዋለሁ ብሏል፤ ከአይቢኤም ሰዎች ግን እንዲህ መሆኑን የማያስታውሱ አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በዋጋ አከፋፈሉም ጭምር ሳይስማሙ ቀሩ።

አይቢኤም ወደ ማይክሮሶፍት ተመለሰ። እዛው ኪልዳል በተወለደባት ሲያትል ቲም ፓተርሰን የሚባል መሐንዲስ 86 ዶስ የሚባል ሲስተም ሠርቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ገዛው፤ ኤምኤስ ዶስ የሆነውም እሱ ነው።

86 ዶስ ሆን ተብሎ ከሲፒ ኤም ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ነው የተሠራው። ፕሮግራሞች ሲስተሙን የሚጠሩበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው፤ የሲፒ ኤም ፕሮግራሞች በቀላሉ እንዲሻገሩለት። ፓተርሰን ኮዱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ ያየሁት መመሪያ መጽሐፉን ብቻ ነው ብሎ ሁልጊዜ ተከራክሯል። ፋይል የሚያስቀምጥበት ዘዴም የተለየ ነው። ኪልዳል ግን ሲያየው የገዛ ሥራው ነው የታየው። ያኔ የሶፍትዌር ሕግ ገና ግልጽ አልነበረምና ጠበቃው ክስ እንደማያዋጣ ነገረው። በምትኩ ከአይቢኤም ጋር ተስማማ፤ አይቢኤም ሁለቱንም ሲስተም ይሸጣል፣ ገዢው ይምረጥ።

ዋጋው ሲወጣ የማይክሮሶፍቱ 40 ዶላር፣ የኪልዳሉ 240 ዶላር ሆነ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትገዙ ነበር? ገዢውም እሱኑ አደረገ።

የፊት ጉዳይ

ዲጂታል ሪሰርች ግን አልሞተም። ቀድሞ የተረፈው ቀዳዳ አለ አይደል? ስክሪኑ። ድርጅቱ ወደዛ ዞረ።

በ1984 ጃንዋሪ አፕል ማኪንቶሽን አወጣ፤ መስኮት፣ ማውስ፣ አይኮን ያለው። የአይቢኤም ኮምፒውተር ተጠቃሚ ያኔ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ነው። ዲጂታል ሪሰርች ውስጥ ሊ ሎሬንዘን የሚባል፣ መስኮትና አይኮን ካደጉበት ዜሮክስ የመጣ ባለሙያ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ጄም የሚባል ሲስተም ሠሩ። ኮዱን የጻፈው ኪልዳል አይደለም፤ እሱ የድርጅቱ መሪ ነበር። ሀሳቡ ግን የእሱ የባዮስ ሀሳብ ወደ ስክሪን ሲያድግ ማለት ነው።

ጄም ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው መስመር፣ ክብና ፊደል ይስላል፤ ስክሪኑ ምንም ይሁን ምን። ሁለተኛው መስኮት፣ ሜኑና ቁልፍ ያቀርባል። ፕሮግራሙ መስኮት ራሱ አይስልም፤ መስኮት ስጠኝ ይላል፣ ሲስተሙ ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት ጄም በ1985 ኢንቴል ቺፕ ባለው የአይቢኤም ፒሲ ላይም፣ ፍጹም የተለየ ቺፕ ባለው አታሪ ኤስቲ ላይም መሥራት ቻለ።

ችግሩ፣ ጄም ማክን በጣም መሰለ። ሜኑው ከላይ፣ የዲስክ አይኮኑ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሳይቀር። አፕል እከሳለሁ አለ። ዲጂታል ሪሰርች ተስማምቶ የፒሲውን ጄም ለወጠው። ቀጣዩ ቅጂ ሲወጣ ዴስክቶፑ ላይ እንደልብ የሚንቀሳቀሱት መስኮቶች ቀርተው ሁለት የተተከሉ መስኮቶች ሆኑ። የቆሻሻ ቅርጫቱ ጠፋ። የዲስክ አይኮኖቹም ከዴስክቶፑ ተነሱ። የአታሪው ጄም ግን ስምምነቱ ስላልነካው ከነቅርጫቱ ቀጠለ።

ነገሩን አስቡት። የገዛ ሲስተሙ በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ተመስሎ ሲያየው ሕጉ ግልጽ አይደለም ተባለ። ድርጅቱ የሌላውን መልክ መሰለ ሲባል ደግሞ መልኩን ያፈረሰው እሱ ሆነ። አንድ ሶፍትዌር ሁለት ማሽን ላይ ሁለት መልክ ያዘ፤ የወሰኑት ደግሞ መሐንዲሶች ሳይሆኑ ጠበቆች ናቸው።

አፕል በ1988 ማይክሮሶፍትንም በዊንዶውስ መልክ ከሰሰ። ማይክሮሶፍት ግን እስከ መጨረሻው ተከራከረ፣ አሸነፈም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለማይክሮሶፍት የፈረደው በሴፕቴምበር 1994 ነው። ኪልዳል ያን ውሳኔ አላየም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ኪልዳልን በቁጭት የኖረ ሰው ብቻ አድርጎ ማሰብ ግን ስህተት ነው። ከ1983 ጀምሮ ለዓመታት ከስቱዋርት ቼፌ ጋር ኮምፒውተር ክሮኒክልስ የሚባል የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅርቧል። የተፎካካሪዎቹን ሥራ ሳይቀር ረጋ ብሎ ለተመልካች ያስረዳ ነበር። ክፍሎቹ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። በ1985 ደግሞ ባቋቋመው ሌላ ድርጅት አንድ ሙሉ ኢንሳይክሎፒዲያ በሲዲ ላይ እንዲወጣ አደረገ፤ ብዙ ጥራዝ መጽሐፍ በአንድ ሳህን፣ ቃል እየፈለጉ የሚገኝበት።

በዚያው በ1985 ከሥራ አስፈጻሚነቱ ለቀቀ። በ1988 ድርጅቱ ዲአር ዶስ የሚባል የኤምኤስ ዶስ ተፎካካሪ አወጣ። ማለትም የሲፒ ኤም ባለቤት ሲፒ ኤምን የመሰለውን መልሶ መሰለው! በ1991 ኖቬል ዲጂታል ሪሰርችን ገዛ። ኪልዳል ሀብታም ሆነ፣ ወደ ቴክሳስ ሄደ። የገንዘብ ችግር አልነበረበትም።

የቀረው የስም ጉዳይ ነው። በ1992 ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርቱን 25ኛ ዓመት ሲያከብር ኪልዳል ከምሩቃኑ አንዱ ሆኖ ተጋበዘ። ዋና ተናጋሪ ሆኖ የቀረበው ግን ቢል ጌትስ ነበር፤ እዛ ያልተማረ፣ ሃርቫርድንም ያቋረጠ። ይሄ ኪልዳልን አሳመመው። ታሪኩን ራሱ ጻፈና በ1993 ለቤተሰብና ለወዳጅ ብቻ አደለው። ቤተሰቦቹ የተወሰነውን ክፍል ለሕዝብ የለቀቁት በ2016 ነው።

ጁላይ 8 ቀን 1994 ሞንተሬይ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ሳለ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ በትክክል አልታወቀም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በ52 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ሲያትል ነው። በ2014 ፓሲፊክ ግሮቭ በሚገኘው የቀድሞ የድርጅቱ ሕንጻ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተቀመጠለት።

ዛሬ የእሱ ነገር የት አለ?

እጃችሁ ላይ አለ። አሁንም አንድን አፕ በሁሉም ቦታ ማስኬድ የሚፈልግ ዴቨሎፐር ፕሮግራሙንና ማሽኑን የሚያስታርቅ አስተርጓሚ መሀል ላይ ያስገባል። ልዩነቱ አስተርጓሚው ፊቱንም እንዴት ያድርገው የሚለው ነው።

አንዳንዱ የሲስተሙን የራሱን ቁልፍና መስኮት ይጠራል። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ፣ ማክ ላይ የማክ ቁልፍ ይወጣል። ሪአክት ኔቲቭ ስልክ ላይ የሚያደርገው ይሄንን ነው። አንዳንዱ ሁሉንም ራሱ ይስልና ቤቱን ለመምሰል ይሞክራል፤ የጃቫው ስዊንግና ፍላተር እዚህ ይመደባሉ። አንዳንዱ ደግሞ መምሰሉን ጭራሽ ይተወዋል። በኤሌክትሮን የተሠሩት እነ ዲስኮርድ የትም ብትከፍቷቸው ያው ናቸው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራምም ኪውት በሚባል መሣሪያ ተሠርቶ የራሱን መልክ ይዞ ነው የሚዞረው።

የቱም ምርጫ ዋጋ አለው። የቤቱን ቁልፍ የሚጠራ አፕ ለተጠቃሚው እጅ ይስማማል፤ ግን ለሠሪው ሦስት ቦታ መፈተን ነው። አንድ መልክ ይዞ የሚዞረው ለሠሪው ይቀላል፤ ልምዱን የሚቀይረው ግን ተጠቃሚው ነው። ልፋቱ አይጠፋም፤ ጥያቄው ማን ላይ ይውደቅ ነው። ኪልዳል በ1970ዎቹ ልፋቱን ከፕሮግራም ጸሐፊውም ከተጠቃሚውም አንስቶ ትንሿ ባዮስ ላይ ጣለው።

አስተርጓሚ ደግሞ ጥሩ ሲሆን አይታይም። ፕሮግራሙ ሲሠራ ሰው የሚያስታውሰው ፕሮግራሙን ነው። ከ3,000 ሞዴል ኮምፒውተር ጀርባ የነበረው ሰው ስሙ የቀረው ባመለጠው ስብሰባ መሆኑ የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው። ቢያንስ እናንተ አሁን አወቃችሁት።

እናንተስ? በስልካችሁም በኮምፒውተራችሁም የምትጠቀሙት አፕ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ቢሆን ነው የሚመቻችሁ፣ ወይስ የስልኩንና የኮምፒውተሩን መልክ ሲይዝ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ኮድ መጻፍ የጀመረ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።